ኤክስቦክስ ዋን፦ በጌመሮች ቁጣ በ29 ቀን የተሻረው ሕግ

ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ይፋ ያደረገው በፈረንጆቹ ሜይ 21 ቀን 2013፣ ሬድመንድ በሚገኘው ግቢው ነው። ዝግጅቱ ላይ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ስፖርት ብዙ ተወራ። ጌመሮችም "ጌሙስ የታለ?" አሉ። "ቲቪ" የሚለውን ቃል ብቻ እየቆረጡ የቀጣጠሉት ቪዲዮም መሳቂያ አደረገው።

ዋናው ቁጣ የመጣው ግን ሕጎቹ ሲታወቁ ነው። ኮንሶሉ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ጌም አያስከፍትም። በዲስክ የገዛችሁትም ቢሆን ያው ነው! ጌም ለጓደኛ መስጠትና ያገለገለ መሸጥም ገደብ ተበጀለት። የኤክስቦክሱ ኃላፊ ዶን ማትሪክ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ኤክስቦክስ 360 አለለት ብሎ አረፈው። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለኛ ሰፈር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጁን 10 በኢ3 መድረክ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4 እንዲህ ዓይነት ገደብ እንደሌለው ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋጋው 399 ዶላር፤ ኤክስቦክስ ዋን ደግሞ 499። ሶኒ በዚህ አላበቃም፤ ጌም እንዴት ለጓደኛ እንደሚሰጥ "የሚያስተምር" አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። አንዱ ለሌላው ዲስኩን ያቀብለዋል፤ አለቀ። በጣም ያስቃል።

ጁን 19 ማይክሮሶፍት ሕጎቹን ሻረ። አብሮ የቀረ ነገርም አለ፤ የገዛችሁትን ጌም እስከ 10 ለሚደርሱ የቤተሰብ አባላት ማጋራት የሚያስችለው ዕቅድ። ይሄኛውን የሚቆጩበት ጌመሮች ነበሩ። ኪኔክት ካሜራው ደግሞ ከኮንሶሉ ተለይቶ ዋጋው ወደ 399 ዶላር የወረደው በ2014 ጁን ነው።