የሊንከን ቤተሰብ የምዕራብ ጉዞ በመሬትና በሙግት መዝገብ

ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ የአፓላቺያን ተራሮችን እየተሻገረ ወደ ምዕራብ የሰፈረን አሜሪካዊ ቤተሰብ በጽሑፍ ማስረጃ ለመከተል የሚነሣ ተመራማሪ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መሬቱ የተጻፈውን ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ በአብዛኞቹ የምዕራብ ግዛቶች የተስፋፋው እጅግ ዘግይቶ ነው። ከ1790 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየ10 ዓመቱ የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራም እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጠራው የቤቱን ኃላፊ ብቻ ሲሆን፣ የተቀሩት የቤተሰቡ አባላትና ባሪያዎች በቁጥር ብቻ ይገባሉ። የኬንታኪ የ1790 እና የ1800 ቅጾች ደግሞ ከነአካቴው ጠፍተዋል። የሚቀረው የመሬት ማዘዣ፣ የቅየሳ ደብተር፣ የግብር ዝርዝርና የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የአባት ወገን ታሪክም በአብዛኛው የተገጣጠመው ከእነዚህ ነው።

ሊንከን ራሱ ስለ ዘሩ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በ1848 የምክር ቤት አባል ሳለ በማሳቹሴትስ በምትገኘው በሂንግሃም ከሚኖር አንድ የቤተሰብ ስም ሞክሼው ጋር ሲጻጻፍ፣ አያቱ ከቨርጂኒያው ሮኪንግሃም ካውንቲ ወደ ኬንታኪ መምጣቱን፣ ከዚያ በፊትም ቤተሰቡ በፔንሲልቬኒያ በበርክስ ካውንቲ መኖሩን ከመንገር አላለፈም። ዘር ቆጣሪዎች በኋላ ሰንሰለቱን ሲያያይዙት ግን የመጀመሪያው መጤ በ1637 ከእንግሊዝ ተሻግሮ በዚያችው በሂንግሃም የሰፈረው ሳሙኤል ሊንከን ሆኖ ተገኘ። የልጅ ልጁ ሞርደካይ በኒው ጀርዚ በኩል ፔንሲልቬኒያ ገባ፤ የሞርደካይ ልጅ ጆን በ1768 ወደ ቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ሸለቆ ወረደ፤ የጆን ልጅ አብርሃም፣ ማለትም የፕሬዚዳንቱ አያት፣ በ1780ዎቹ መጀመሪያ ኬንታኪ ደረሰ።

ነገሩ የሚወሳሰበውም፣ መዝገቡ የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ በጊዜው የግዛቷ አካል የነበረውን የኬንታኪን መሬት ትሸጥ የነበረው በማዘዣ ሲሆን፣ ማዘዣ ማለት ገዢው ለግምጃ ቤት ገንዘብ ከፍሎ የሚቀበለው፣ የመሬቱን ስፋት እንጂ ቦታውን የማይገልጽ ወረቀት ነው። ባለማዘዣው ቦታውን ራሱ ፈልጎ ያስመዘግባል፣ ቀያሽ አምጥቶ ያስለካል፣ በመጨረሻም የባለቤትነት ማረጋገጫ ይቀበላል። ድንበሩ የሚጻፈው በዛፍ፣ በጅረትና በድንጋይ ምልክት ስለነበረ ያው አንዱ መሬት ለሁለትና ለሦስት ሰው ተመዝግቦ መገኘቱ የተለመደ ነበር። አያትየው በ1780 በገዛቸው ማዘዣዎች ላይ ስሙ «ሊንክሆርን» ተብሎ ሰፍሯል፤ በ1785ም በጄፈርሰን ካውንቲ በሎንግ ረን ጅረት አጠገብ 400 ኤከር በዚሁ ስም ተቀይሶለታል። ጸሐፊው የጻፈው እንደ ሰማው ነውና፣ በአንድ የፊደል አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን ሰነድ ያልፈዋል። በዓመቱ፣ በ1786፣ አብርሃም በእርሻው ላይ ሳለ የሰፋሪውን መስፋፋት በመሣሪያ በሚከላከሉ የአገሬው ነባር ተዋጊዎች ተገደለ።

ኑዛዜ ሳይተው በመሞቱ፣ ያን ጊዜ በሚሠራበት የበኩር ልጅ ውርስ ሕግ መሠረት መሬቱ ለታላቁ ልጅ ለሞርደካይ ሲያልፍ፣ የ8 ዓመቱ ቶማስ ያለ ርስት ቀረ። ቶማስ ጎልምሶ በኬንታኪ ሦስት እርሻ በተከታታይ ቢገዛም ሦስቱም የባለቤትነት ወይም የቅየሳ እንከን አላጣቸውም። በ1803 የገዛው የሚል ክሪክ መሬት ልኬቱ ስሕተት ነበረበት፤ ልጁ አብርሃም በ1809 የተወለደበት የሲንኪንግ ስፕሪንግ እርሻ በሙግት ከእጁ ወጣ፤ ከዚያ በተዛወረበት በኖብ ክሪክም እርሱና ጎረቤቶቹ የማስለቀቅ ክስ ተመሠረተባቸው። ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ ቤተሰቡ በ1816 ወደ ኢንዲያና የሄደበትን ምክንያት ሲገልጽ ባርነትን በከፊል አንሥቶ፣ ዋናው ግን የኬንታኪ የመሬት ባለቤትነት ችግር መሆኑን ጽፏል። ቶማስን ከቦታ ቦታ ያንከራተተው የመዝገብ ብልሹነት ለታሪክ ጸሐፊው የጠቀመውን ያህል ሌላ ነገር አልጠቀመውም፤ ሥርዓቱ የጸና ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ድኻ ገበሬ ይህን ያህል ወረቀት ትቶ ባልሄደ ነበር።

የኢንዲያናው መዝገብ በአንጻሩ አጭርና ንጹሕ ነው። የ1785ቱ የመሬት ድንጋጌ ከኦሃዮ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለውን አገር ጎኑ 6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን እየከፋፈለ፣ እያንዳንዱን እንደገና 640 ኤከር በሚይዙ 36 ክፍሎች ሸንሽኖ ስለነበር፣ መሬቱ የሚታወቀው በዛፍ ሳይሆን በቁጥር ነው። ቶማስ በ1817 በቪንሴንስ የመሬት ሽያጭ ጽሕፈት ቤት 160 ኤከር በዱቤ ያዘ፤ ክፍያው ከበደውና ግማሹን መልሶ በ1827 የ80 ኤከር ማረጋገጫ ተሰጠው። ይህ ንጹሕ መዝገብ ከየት እንደሚጀምር ግን መዘንጋት አይገባም፤ አገሩ ለሽያጭ የቀረበው የደላዌርና የፒያንክሾ ሕዝቦች በ1804 በተፈረሙ ውሎች እንዲለቁት ከተደረገ በኋላ ነው።

የሴቶች ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ቶማስና የፕሬዚዳንቱ እናት ናንሲ ሃንክስ ሳይጋቡ ልጅ ወለዱ የሚለው ሐሜት ሊንከን ከሞተ በኋላም ሲናፈስ የኖረው፣ ሰነዱ ባልና ሚስቱ በኖሩበት በሃርዲን ካውንቲ ሳይሆን በዋሽንግተን ካውንቲ በመቀመጡ ነው። እዚያ የተገኘው የጋብቻ ዋስትና፣ ማለትም ለጋብቻው ሕጋዊ እንቅፋት እንደሌለ ሙሽራውና ዋሱ በ50 ፓውንድ የሚፈርሙት ውል፣ ሰኔ 10 ቀን 1806 የተጻፈ ሲሆን፣ ጄሲ ሄድ የተባለው ቄስ ከሁለት ቀን በኋላ ማጋባቱን አስመዝግቧል። ባል ሲሞት ሚስት በሕይወት እስካለች የመሬቱን ሢሶ የመያዝ መብት ስለነበራት፣ ገዢዎች የእርሷንም ፈቃድ ይጠይቁ ነበር፤ በ1814 የሚል ክሪክ እርሻ ሲሸጥ ናንሲ ከባሏ ጋር ተጠርታ ምልክቷን ያኖረችው በዚህ ምክንያት ነው። ከእናቷ ወገን ግን እንዲህ ያለ የሚያከራክር ርስት አልተላለፈላትምና፣ የአባቷ ማንነት ዛሬም ዘር ቆጣሪዎችን ያሟግታል።