በእንቅርት ላይ የወፍ በሽታ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ከእንቅርት ጋር ለዘመናት አብሮ ከኖረ ሕዝብ አንደበት የወጣ ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ባለው ደጋ ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይወርዳል። የታይሮይድ ዕጢ የጎደለውን ለማሟላት ሲጣጣር ያብጣል፤ እንቅርት የምንለውም ይኸው ነው።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው ለገጠሩ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። ከመከላከሉ ሥራ ጎን ለጎን መድኃኒት የማዘዝ ኃላፊነትም እየሰፋ ሄደ።

እርግጥ ነው፣ እንቅርት ሁሉ በመድኃኒት የሚታከም አይደለም። ብዙው የሚፈልገው አዮዲን ነው። ይሁን እንጂ ለረጅም ዓመታት የቆየ፣ ዕባጭ ያለበት እንቅርት አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል። አዮዲን ያለው ጨው ወደ ተጎዳው አካባቢ ሲገባም ይህ ሁኔታ በተለይ በዕድሜ በገፉት ላይ ሊታይ ይችላል። በሀገራችን ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ጨው የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ጉዳት እጅግ ስለሚበልጥ ደንቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለሚያስከትለው ግን መዘጋጀት ይገባል።

ለእነዚህ ሕሙማን የሚሰጠው መድኃኒት ታሪክ ከኮሌጃችን ታሪክ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1943 ሐኪሙ ኤድዊን አስትውድ ታዮዩራሲል የታይሮይድን ሥራ እንደሚገታ አሳወቀ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፕሮፒልታዮዩራሲል ተከተለ። ልቡ የሚመታበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ የመነመነ በሽተኛ ያለ ቀዶ ሕክምና እፎይታ አገኘ። ነገር ግን መድኃኒቱ ጉበትን እንደሚጎዳ ገና እ.ኤ.አ. በ1947 በሕክምና መጽሔት ተጽፎ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ክፈፍ የተከበበ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ያሰፈረው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ 63 ዓመታት አልፈዋል። መሥሪያ ቤቱ በዚያን ጊዜ የዘረዘራቸው ከባድ የጉበት ጉዳቶች 34 ሲሆኑ ከእነዚህም ውስጥ 15 ሕሙማን ሞተዋል፤ 12ቱ ጉበት ተተክቶላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሜቲማዞልን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ፣ ፕሮፒልታዮዩራሲል ሌላው ለማይገኝበት ወይም ለማይስማማበት ሁኔታ፣ እንዲሁም ለእርግዝና መጀመሪያ ወራት ተወሰነ።

ጉዳቱ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ማንን እንደሚይዝ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የደም ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ ዘብ ስላልሆነ የሕመምተኛው ንቃት ከሁሉ ይበልጣል። የደጋው ሰው ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ምግብ ሲያስጠላ በቤተሰቡ ዘንድ ስሙ ቀድሞ የታወቀ ነው፤ የወፍ በሽታ ይባላል። ታማሚው ወደ ባሕል መድኃኒት ዐዋቂ ይሄዳል፤ ኪኒኑንም ይቀጥላል። እኛም ብንሆን የቫይረስ ጉበት በሽታ በሀገሩ ብዙ ስለሆነ ወደዚያው ማዘንበላችን አይቀርም።

ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በፊታችን ሲቀመጥ «የእንቅርት መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ኪኒኑን ስንሰጥም «ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትህ ከጠቆረ፣ ኪኒኑን አቁመህ በዚያው ቀን ተመለስ» ማለት አለብን። ይህ ቃል ማስጠንቀቂያው ከመጽሔት ወጥቶ በመግለጫ ላይ እስኪሰፍር የጠፋውን 63 ዓመት አይመልስም፤ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ ግን ያሳጥራል።