ኬሞታክሲስ፦ ስበት ወይስ መሪ?

የባሕር ጃርት እሾሃም ድቡልቡል እንስሳ ናት። ወንዱና ሴቷ ሳይነካኩ ይዋለዳሉ፤ እሱ ወተት የመሰለ ዘሩን፣ እሷ እንቁላሏን ባሕሩ ውስጥ ይለቃሉ። በዓይን የማይታየው የወንዴ ዘር ታዲያ በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል እንቁላሏን በምን ያገኛታል? ሳይንሱ ኬሞታክሲስ ይለዋል፤ አንድ ሕዋስ የኬሚካልን መብዛትና ማነስ እየለየ አቅጣጫውን ይዞ መጓዙ ማለት ነው።

ለዚህ ቃል ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው አማርኛ «ኬሚካዊ ስበት» ነው። እኔ አልቀበለውም። ማግኔት ሚስማርን ሲስብ ሚስማሩ ምንም አይሠራም። እዚህ ግን ሥራው ሁሉ የተጓዡ ነው።

በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የምትገኘውን የባሕር ጃርት፣ አርባሲያ ፑንክቱላታን እንውሰድ። የእንቁላሏ ዝልግልግ ልባስ ሪዛክት የተባለ፣ ከ14 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተሠራ ፔፕታይድ ውሃው ውስጥ ይለቃል። ፔፕታይዱ የወንዴውን ዘር እንደሚመራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 አሳይተዋል። ዘሩ በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ሲታይ ክብ እየሠራ ይዋኛል። በግማሹ ዙር ወደ እንቁላሏ ይቀርባል፣ ሪዛክቱ ይበዛለታል፤ በሌላው ግማሽ ይርቃል፣ ይሳሳበታል። ሪዛክት ጭራው ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ይመረታል፤ ፖታሲየም ከሕዋሱ ይወጣል፤ የሕዋሱ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ በመጨረሻም ካልሲየም ወደ ጭራው ይገባል። ያኔ የጭራው ምት ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ዘሩ ድንገት ይታጠፋል፣ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እንደገና መዞር ይጀምራል። ክቡ በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ወደ እንቁላሏ ይጠጋል። በጣም የሚደንቀኝ የዚህ ፍጡር ንቃት ነው፤ የአንዲት ሞለኪውል መነካት እንኳ ምላሽ ይቀሰቅስበታል።

ስለዚህ «ኬሚካል መር ጉዞ» እንበለው። «ገበያ መር ኢኮኖሚ» ስንል ገበያው አቅጣጫ ያሳያል፤ የሚያርሰውና የሚነግደው ግን ሰው ነው። እዚህም ሪዛክት ይመራል፣ ዘሩ ይጓዛል።

ስያሜው ለሌሎችም ይሆናል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ፔፈር እ.ኤ.አ. በ1884 የፈርን ወንዴ ዘር ማሊክ አሲድን ተከትሎ እንደሚዋኝ አሳይቷል። ነጭ የደም ሕዋሳትም ጀርም ወዳለበት የሚደርሱት በዚሁ መንገድ ነው። ባክቴሪያ ከሚጎዳው ኬሚካል ሲሸሽም ድርጊቱ ኬሞታክሲስ ይባላል፤ የሚሸሽን ደግሞ «ተሳበ» ልንለው አንችልም።