ስንፈት ያልሆነው «ስንፈት»

ዕድሜዬን በቃላት ስለፈጀሁ ነገሩን ከቃል ልጀምር። የወንድ ልጅ ብልት አልቆም ሲል «ስንፈተ ወሲብ» እንለዋለን። ስንፈት በጥንቱ አገባቡ መድከም ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ጆሯችን የሚሰማው ግን ሰነፍን ነው፤ መሥራት እየቻለ ያልሠራውን። ታዲያ በካንሰር ምክንያት ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ምን ሰነፈ? ነርቩ ተጎዳ እንጂ!

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ብዙ አልተሻሉንም። አቅም ማጣት የሚል ትርጉም ባለው ቃል ነበር ሲጠሩት የኖሩት። በ1992 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ስሙ በ«የመቆም ችግር» እንዲተካ መከሩ። ስም ቢለወጥ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ፣ ታሪኩን ይስማኝ።

በ1904 ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሂው ሃምፕተን ያንግ የተባለ ቀዶ ሐኪም ካንሰር የያዘውን ፕሮስቴት ሙሉ በሙሉ አወጣ። (በዕድሜ ምክንያት ላበጠ ፕሮስቴት በሽንት ቧንቧ በኩል የሚደረገው ሕክምና ሌላ ነው፤ እሱ መቆምን ብዙውን ጊዜ አይነካም።) ከዚያ ወዲያ ለ78 ዓመታት ወንዱ ነፍሱን ሲያተርፍ ያንን ነገር ይሰናበታል ተብሎ ታመነ። ነርቮቹ በፕሮስቴቱ ውስጥ ያልፋሉ፣ ስለዚህ አብረው ይቆረጣሉ ነበር አሳቡ። ዕጣ ነው ተባለ፤ ዕጣን ደግሞ ማን ይመረምራል?

በ1981 የዚያው ሆስፒታል ሐኪም ፓትሪክ ዋልሽ ወደ ሆላንድ ላይደን ሄደ። እዚያ ፒተር ዶንከር የተባሉ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ሞቶ የተወለደ ሕፃን አካል ላይ ነርቮችን ይከታተሉ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲመለከቱ ለመቆም የሚያዙት ነርቮች ከፕሮስቴቱ ውጪ፣ በጎንና በጎኑ ሲወርዱ አዩ። ስለዚህ ሊድኑ ይችላሉ! በሚያዝያ 1982 ዋልሽ ነርቮቹን አውቆ እየጠበቀ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ታካሚው የ52 ዓመት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በዓመት ውስጥ አቅማቸው ተመለሰ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጃይልስ ብሪንድሊ ላስ ቬጋስ ላይ ለሐኪሞች ጉባኤ ሲናገር፣ በመርፌ የሚወጋ መድኃኒት ብልትን እንደሚያቆም ለማሳየት አስቀድሞ ራሱን ወግቶ መጣ። ከዚያም በጉባኤው ፊት ሱሪውን ዝቅ አደረገ። ነውር ነው? ነው እንጂ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ «ይህ የአእምሮ ነገር ነው» ብሎ ታካሚን መሸኘት ከበደ።

ነርቭ ቢተርፍም በቀዶ ሕክምናው ሲነካካ ለወራት ያንቀላፋል፤ እስኪነቃ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዚያን ጊዜ ደም የማያገኘው አካል ይጎዳል። በ1997 ሚላኖ ላይ ሞንቶርሲና ባልደረቦቹ 30 ታካሚዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ መርፌ እንዲወስዱ ተደረገ። መርፌውን ከጨረሱት 12 ሰዎች 8ቱ በራሳቸው አቅም ተመለሱ፤ ካልወሰዱት 15 ግን 3ቱ ብቻ። «ማገገሚያ» የሚለው አሳብ ሥር የሰደደው ያኔ ነው። በ1998 ቪያግራ ተጨመረ። ይሁንና በ2008 የወጣ ሰፊ ጥናት በየሌሊቱ ክኒን መዋጥ፣ ከቆመ በኋላ ሲታይ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ከመዋጥ እንደማይበልጥ አሳየ። ስለዚህ ዋስትና የሚሰጥ የለም፤ ክኒን፣ መርፌ፣ በአየር የሚስብ መሣሪያ፣ የሚተከል አካል ግን አሉ።

እኛ ዘንድ «ነፍስህ ተርፋለች፣ ደግሞ ምን ትፈልጋለህ?» ማለት ይቀናናል። ታማሚውም አፍሮ ዝም ይላል፤ ባለቤቱም የተጠላች ይመስላታል፤ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ዝምታ ይተኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶቻችን ይህንንም ጨምረው ነው። ጥያቄው መነሣት ያለበት ከቢላው በፊት፣ ባለቤት ባለችበት ነው፦ ነርቮቼ ሊድኑ ይችላሉ ወይ? ካንሰሩ አይፈቅድም ከተባለስ በኋላ ምን ይደረግልኛል? ይህን የሚጠይቅ ሰው የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለ78 ዓመታት የሰነፈው እሱ ሳይሆን፣ ዕጣ ነው ብሎ መመልከት የተወው ዓይን ነበር።