ኃይለኛ አውቶሞቢሎች በዕለት ተዕለት ጉዞ ሞተራቸው ይፈላልን? ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ መስመር ተጠቃሚዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት ያላቸውና በተለምዶ የስፖርት መኪና የሚባሉት አውቶሞቢሎች በከተማ መንገድ በዝግታ ሲነዱ ወይም ረጅም ዳገት ሲወጡ ሞተራቸው ይፈላል የሚል አስተያየት አለ። አስተያየቱ በአብዛኛው ትክክል አይደለም። የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ጤነኛ የሆነና ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተነካካ ኃይለኛ አውቶሞቢል በሕዝብ መንገድ ላይ በተፈቀደው ፍጥነት ሲነዳ አይፈላም፤ ከፈላም ምክንያቱ ጉልበቱ ሳይሆን ብልሽት ነው። ይሁን እንጂ በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ኽምራ ደጋማ አካባቢዎች ከፍታው፣ ዳገቱና አቧራው ተደምረው በዝቅተኛ ቦታ ላይ ሳይታወቅ የቆየን ትንሽ ጉድለት ያጋልጣሉ። ማብራሪያው ወደ አካባቢው ለሚጓዙ አሽከርካሪዎችና ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከስፖርት መኪና ባለቤቶች ይልቅ የሚኒባስና የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችን ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

ሞተር የሚሞቀው በሚሠራው ሥራ ልክ ነው

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከሚገኘው ኃይል ሲሶው ያህል ብቻ ተሽከርካሪውን ለመንዳት ይውላል። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው በአብዛኛው በማቀዝቀዣው ውሃ ተወስዶ በራዲያተር አማካይነት ወደ አየር ይለቀቃል። ስለዚህ ራዲያተሩ የሚሸከመው ሙቀት በሊብሬው ላይ በተጻፈው የፈረስ ጉልበት አይለካም፤ በዚያች ሰዓት ከሞተሩ በሚወሰደው ጉልበት እንጂ።

ይህን በቁጥር ለማየት ከአላማጣ ተነሥቶ በኮረም በኩል ወደ ሰቆጣ የሚያመራውን መንገድ መውሰድ ይቻላል። አላማጣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,520 ሜትር ገደማ፣ ኮረም ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛው የግራካሱ ዳገት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። ከነተሳፋሪው ሁለት ቶን የሚመዝን አውቶሞቢል ይህን ዳገት በግማሽ ሰዓት ቢወጣ፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣትና የመንገዱን ሰበቃ ለማሸነፍ በአማካይ የሚያስፈልገው 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ሞተሩ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው የስፖርት መኪና ቢሆን ከአቅሙ ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ ተጠቀመ ማለት ነው። ራዲያተሩ የተሠራው ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ሙቀት እንዲያስወጣ ተደርጎ ነው።

በአንጻሩ ከነጭነቱ 12 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ያንኑ ዳገት በ40 ደቂቃ ቢወጣ 80 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለማቋረጥ ይፈልጋል። ሞተሩ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ከሆነ የአቅሙን ግማሽ ለ40 ደቂቃ ሙሉ ሲያወጣ ይቆያል፤ ያውም በዝቅተኛ ማርሽ፣ ከፊት የሚነፍሰው ነፋስ ደካማ በሆነበት ሁኔታ። በዳገት ዳር ኮፈን ከፍተው የሚቆሙት ሙሉ ጭነት የያዙ አይሱዙዎችና ከመጠን በላይ የጫኑ ሚኒባሶች መሆናቸው ከዚህ ስሌት አንጻር የሚጠበቅ ነው። ከተፈቀደው በላይ የተጫነ እያንዳንዱ ኩንታል በቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ይደርሳል።

አምራቾችም ይህንኑ ስሌት ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ የቀረበው ቡጋቲ ቬይሮን 1,001 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን አሥር ራዲያተሮች ተገጥመውለታል። ራዲያተሮቹ የሚያስፈልጉት ለሙሉ ፍጥነቱ ነው፤ በከተማ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ አብዛኛው አቅማቸው ሥራ ፈት ሆኖ ይውላል።

ከፍታ ምን ይለውጣል?

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,260 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው በሃያ በመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ሁለት ነገር ያጎድላል። አንደኛ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱን ስለሚያጣ አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ ይረግጣል፣ ማርሽም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር የመጀመሪያውን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ ሁለተኛውን ግን አያስቀረውም፤ እንዲያውም ጉልበቱ ስላልቀነሰ የሚያመነጨው ሙቀት እንዳለ ሆኖ የሚያበርደው አየር ብቻ ይቀንስበታል።

ሦስተኛው ጉዳይ የውሃ መፍያ ነጥብ ነው። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በሰቆጣ ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፈላል። የአብዛኞቹ ሞተሮች ጤናማ የሥራ ሙቀት ከ85 እስከ 105 ዲግሪ ስለሆነ፣ ክዳኑ በማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ንጹሕ ውሃ ሞተሩ ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጡን አምቆ ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያለው ተሽከርካሪ በሰቆጣ ከፍታ እንኳ ንጹሕ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ከኩላንት ጋር እኩል የተቀላቀለ ውሃ ደግሞ ከዚያም በላይ ይታገሣል። ዋጋው አነስተኛ የሆነው ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ መገኘቱ በደጋ ለሚደርስ መፍላት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ምክንያት ነው። ክዳኑ ሲቀየርም በላዩ የተጻፈው የግፊት መጠን ከአምራቹ መመሪያ ጋር መመሳሰሉ ይረጋገጥ።

ከተከዜ ሸለቆ፣ ማለትም ከአበርገሌ፣ ከዝቋላና ከሰሃላ ሰየምት ቆላማ ቀበሌዎች ወደ ሰቆጣ የሚወጣ ተሽከርካሪ ሁለቱንም ፈተናዎች በአንድ ጉዞ ያገኛቸዋል፤ ዳገቱን የሚጀምረው በሞቃት አየር፣ የሚጨርሰው በሳሳ አየር ነውና።

የስፖርት መኪና በእርግጥ የሚፈላው መቼ ነው?

የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የተቀየረ፣ ትልቅ ቱርቦ የተገጠመለት ወይም ከፊት መከላከያው ላይ ተጨማሪ መብራትና ጌጥ ተደርድሮ የአየር መግቢያው የተዘጋ መኪና ከፋብሪካው ስሌት ወጥቷል። በመኪና ውድድር ሜዳ ሙሉ ጉልበቱን ለብዙ ደቂቃ የሚያወጣም እንዲሁ። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚያመነጨው ሙቀት አነስተኛ ቢሆንም የሚያበርደው ቬንትሌተሩ ብቻ ነው፤ ቬንትሌተሩ ካልሠራ በጉዞ ላይ የተስተካከለው ሙቀት በቆመ ጊዜ ይወጣል። ሲጓዝ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ መኪና መጀመሪያ የቬንትሌተሩ ሞተር፣ ፊውዝና ሴንሰር ይታይ። በተቃራኒው ሲቆም ደህና ሆኖ በዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ የውሃ ፓምፑ ደክሟል ወይም ቴርሞስታቱ በሙሉ አይከፈትም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በዋግ መንገዶች የስፖርት መኪና ዋነኛ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ዝቅ ብሎ መሠራቱ። በጠጠር መንገድ ላይ ከፊቱ በታች የሚገኙት ራዲያተርና ቱቦዎች ለድንጋይ ቅርብ ናቸው። በበጋ ወራት ደግሞ ደቃቅ አቧራ ከዘይት ፍንጣቂ ጋር ተጣብቆ የራዲያተሩን ቀጫጭን ክንፎች ይደፍናል። አቧራው ከውስጥ ወደ ውጭ በሚገፋ ለስላሳ ውሃ ይታጠባል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው የማጠቢያ ውሃ ክንፎቹን ስለሚያጣጥፍ አይመከርም።

አንድ የተሳሳተ ልማድ በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። መኪና ሲፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች እንደ መፍትሔ ይሠራበታል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በሰቆጣ ብርዳማ ጠዋት ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ዋናው ብልሽት ደግሞ ሳይጠገን ተሸፍኖ ይቀራል። እንደዚሁም ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ለችግር ጊዜ ካልሆነ በስተቀር ራዲያተር ውስጥ መግባት የለበትም፤ የያዘው ማዕድን በጊዜ ብዛት ዝቃጭ ሆኖ መተላለፊያዎቹን ያጠብባል።

ሞተሩ በመንገድ ላይ ሲፈላ

የሙቀት ጠቋሚው ከመደበኛው ቦታ ማለፍ ሲጀምር የአየር ማቀዝቀዣው ይጥፋ፣ የጓዳ ማሞቂያው በሙሉ ይከፈት፤ ማሞቂያው እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ያገለግላል። ጠቋሚው ቀይ ከደረሰ ወይም እንፋሎት ከታየ ግን ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። በዚህ ሁኔታ ‹‹እስከ መንደሩ ልድረስ›› ብሎ መንዳት የጓርኒሲዮን መቃጠልና የቴስታታ መጣመም ያስከትላል፤ የጥገናው ወጪም ከክዳን ወይም ከቱቦ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። በግፊት ታምቆ የነበረው ውሃ ክዳኑ እንደተላቀቀ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ለመያዝ እስኪቻል ድረስ ይጠበቅ። ከዚያም ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጎማ ለመደገፍ የተቀመጠ ድንጋይ ሲነሡ ከአስፋልቱ ላይ መነሣት አለበት። በጨለማ የሚመጣው ሌላ አሽከርካሪ አያየውም።

ከመፍላቱ የሚብሰው ቁልቁለቱ ነው

ሞተሩ በዳገት ላይ የሞቀበት አሽከርካሪ ቁልቁለት ሲደርስ ‹‹ሞተሩ ይረፍ፣ ነዳጅም ይቆጠብ›› ብሎ ማርሹን በዜሮ አድርጎ የሚወርድበት አጋጣሚ አለ። ይህ አደገኛ ነው። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርድ ባለ 12 ቶን መኪና ሲወጣ የተጠራቀመውን ኃይል ሁሉ ሲወርድ በሙቀት መልክ ማስወጣት አለበት። ማርሽ ውስጥ ካለ ሞተሩ ብዙውን ድርሻ ይሸከማል፤ በዜሮ ከሆነ ግን ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ያርፋል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያው ነጥብ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ሲስብ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናውም አይቆምም። የሞተር መፍላት ጉዞ ያስተጓጉላል፤ የፍሬን መፍላት ግን ሕይወት ያጠፋል። ስለሆነም ቁልቁለቱ ዳገቱን ለመውጣት ባስፈለገው ማርሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ማርሽ ይወረድ፤ ማርሹም ቁልቁለቱ ሳይጀመር በፊት ይግባ።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር እየጨመረ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በጉልበታቸው ከቀድሞዎቹ የስፖርት መኪኖች አያንሱም። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያባክነው ሙቀት ከነዳጅ ሞተር በእጅጉ ያንሳል፤ የሳሳ አየርም ጉልበቱን አይቀንስበትም። ይሁንና ባትሪው የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስላለው መጠኑ እንደ ነዳጅ መኪና ሁሉ በየጊዜው ሊታይ ይገባል። ለደጋ ነዋሪዎች አንድ ልዩ ምክር አለ። እነዚህ መኪኖች ሲወርዱ የሚያመነጩትን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳሉ፤ ባትሪው አስቀድሞ መቶ በመቶ ከተሞላ ግን የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ስለማይኖረው ያ ረዳት ፍሬን ይዳከማል። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አለመሙላት ይመረጣል።

ከምርመራና ከምዝገባ ጋር በተያያዘ

በተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ ሕግ መሠረት ተሽከርካሪዎች የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ባለንብረቱ ለዓመታዊ ምርመራ ወይም ለቦሎ ሲቀርብ የውሃ ማንጠባጠብ፣ የላላ ቺንጊያና የተሰነጠቁ ቱቦዎች ቀድመው ቢጠገኑ ምልልስ ይቀንሳል። ሞተሩ በመፍላት ምክንያት ከጥቅም ውጪ ሆኖ በሌላ ከተተካ የአዲሱ ሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል፣ ባለንብረቱ የግዢ ሰነዱንና ሊብሬውን ይዞ ተሽከርካሪው ወደተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በመቅረብ ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። ይህ ሳይደረግ የቀረ ተሽከርካሪ በሽያጭ ወይም በስም ዝውውር ጊዜ ችግር ይገጥመዋል።