የኮምፒዩተር ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራሞች የወል ስያሜ በዴቢያን ሊነክስ

ይህ ማብራሪያ በዴቢያን ሊነክስ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮችን ለሚያስተዳድሩ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው።

በዴቢያን ላይ የኮምፒዩተርን ሰዓት ከኢንተርኔት የሰዓት ሰርቨሮች ጋር እያመሳከሩ የሚያስተካክሉ በርካታ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህም ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ፣ ክሮኒ፣ ኤንቲፒሴክ እና ኦፕንኤንቲፒዲ ይጠቀሳሉ። ሁሉም «ታይም-ዲመን» በተባለ የወል ስያሜ ይታወቃሉ። ስያሜው ምናባዊ ፓኬጅ ይባላል፤ በውስጡ የሚጫን ምንም ፋይል የለም።

ምናባዊ ፓኬጅን በመሥሪያ ቤት ካለ የሥራ መደብ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መደብ የሚገልጸው ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን አይደለም። በመሆኑም ትክክለኛ ሰዓት የሚፈልግ ሌላ ሶፍትዌር መደቡ መያዙን ብቻ ይጠይቃል፤ በማን እንደተያዘ አያሳስበውም። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ዴቢያን 12 ነባሩ ኤንቲፒ በኤንቲፒሴክ ሲተካ፣ በወል ስያሜው የሚጠይቅ ሶፍትዌር ጥያቄውን መለወጥ አላስፈለገውም። ይሁንና የዴቢያን መመሪያ በቅድሚያ አንድ እውነተኛ ፓኬጅ በስም እንዲጠቀስና ምናባዊው በአማራጭነት እንዲከተል ይመክራል፤ አለበለዚያ የትኛው እንደሚጫን አስቀድሞ ማወቅ ያዳግታል።

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለትና ሦስት የድረ ገጽ ማሰሻዎች ጎን ለጎን ቢጫኑ ችግር የለውም። ሰዓት ግን አንድ ነው፤ ሁለት ፕሮግራሞች በየፊናቸው ቢያስተካክሉት አንዱ ያቀናውን ሌላው ሊያዛባው ይችላል። ስለሆነም እያንዳንዱ ፓኬጅ የ«ታይም-ዲመን»ን አገልግሎት እንደሚሰጥ ሲገልጽ፣ ይህንኑ አገልግሎት ከሚሰጥ ሌላ ፓኬጅ ጋር አብሮ እንደማይጫንም ያስታውቃል። ክሮኒ ሲጫን ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ የሚወገደው በዚህ ምክንያት እንጂ በብልሽት አይደለም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ክሮኒን ሲያስወግዱ ነው። ቀድሞ የነበረው ፕሮግራም በራሱ ተመልሶ አይጫንም፤ መደቡ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሰዓቱ ቀስ በቀስ ሲዛነፍ ጉዳቱ የሚታየው በአገልግሎት ላይ ነው፦ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ የማረጋገጫ ኮድ ተቀባይነት ሊያጣ፣ የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬትም ጊዜው ያለፈበት መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከማስወገድዎ በፊት ተተኪውን ይወስኑ፤ ከዚያም «ታይምዴትሲቲኤል» በተሰኘው ትእዛዝ ሰዓቱ እየተመሳከረ መሆኑን ያረጋግጡ።

ኮምፒዩተሩ ጠዋት 9 ሰዓት ሲያሳይ በአገራችን አቆጣጠር 3 ሰዓት መሆኑ የሰዓት መዛነፍ አይደለም፤ እነዚህ ፕሮግራሞችም አይለውጡትም። ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል የሚመረጠውም ከእነዚህ ፕሮግራሞች ውጭ በሆነ ቅንብር ነው።