የቱድሊ ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች

ኢየሩሳሌም በሐዳሳ ሆስፒታል ምኩራብ ማርክ ሻጋል የሠራቸው 12 ባለ ቀለም የመስታወት መስኮቶች አሉ። የዚሁ አይሁዳዊ ሠዓሊ ሌሎች 12 መስኮቶች እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ፣ የጡብ ማማ ባላት በቱድሊ መንደር ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1961 ሣራ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር የኢየሩሳሌሞቹን መስኮቶች ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ሲታዩ አይታ ወደደቻቸው። በ1963፣ በ21 ዓመቷ፣ ባሕር ውስጥ ሰጥማ ሞተች። አይሁዳዊው አባቷና ክርስቲያኗ እናቷ ለመታሰቢያዋ ሻጋልን ጠየቁት።

የምሥራቁ መስኮት በ1967 ተተከለ። ከግርጌው ሣራ በሰማያዊ ማዕበል ውስጥ ትታያለች፤ ወደ ላይም መሰላል ቆሟል። ሻጋል ይህን በቦታው ካየ በኋላ የቀሩትንም ለመሥራት ፈቀደ። የመጨረሻዎቹ የተተከሉት በሞተበት ዓመት በ1985 ነው።

ሐዳሳ ሄዳችሁ መስኮቶቹን ስታዩ፣ ይህችንም ልጅ አስቧት።